ስለ ተቆረጡት አርባ ዘጠኝ ሰከንዶች

ለተከበሩ የኮሌጃችን የትምህርት ቪዲዮ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፣

ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ሦስት ማስታወሻዎች «ደርሶናል» ከሚል መልስ በላይ ስላላገኙ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ጉዳዩ የፅንስ ልብ ምት አደማመጥን ለአዋላጅነት ተማሪዎች ለማስተማር በእኔ አቅራቢነት የተሠራው ቪዲዮ ነው። የምጥ ቁርጠት እንዳለፈ ማዳመጫው በእናትየዋ ሆድ ላይ ተደርጎ ምቱ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ልቡ እየዘገየ መሆኑ የሚታወቀው በዚያች ደቂቃ ነውና። በቀረጻው ዕለት ስልሳውንም ሰከንድ ቆጥሬያለሁ። የቆጠርኩት ልብ በሌለው የፕላስቲክ ሆድ ላይ ስለነበር፣ ምንም በማይሰማበት ነገር ላይ ጆሮዬን ደፍቼ ግንባሬን መቋጠሬ ለካሜራ ባለሙያዎ ፈተና እንደነበር አልክድም፤ ሁለት ጊዜ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

አንደኛ፣ አርታኢዎ «ምንም የማይካሄድበት ክፍል» በማለት አርባ ዘጠኙን ሰከንድ ቆርጦ በቀሩት አሥራ አንዱ ላይ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ስላስገባበት ምስጋናዬ ይድረሰው። ማዳመጥን በሚያስተምር ቪዲዮ ውስጥ ማዳመጥን የሚከለክል ሙዚቃ መጨመር በእኔ አእምሮ ሊመነጭ የሚችል ሐሳብ አልነበረም።

ሁለተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ለእርስዎ የማቀርበውም የሚቀበለኝ ሌላ ክፍል ስላጣሁ ነው። የመጨረሻው ቅጂ ለማጽደቅ ሲላክልኝ አራት ጊዜ ተመልክቼዋለሁ። በመጀመሪያው ድምፄን፣ በሁለተኛው የጋውኔን ኮሌታ፣ በሦስተኛው ከጎን ስታይ አገጬን ገመገምኩ። አራተኛውን ከእናቴ ጋር አየሁት፤ እሷም አምሮብሻል አለችኝ። የምርምር ዘዴም የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ይህንኑ በቂ ማስረጃ አድርጌ ወስጄ ፈረምኩ።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ በማዋለጃ ክፍል ምጥ ላይ ያለችን እናት አዳምጣ ደህና ነው ብላ መዘገበች። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንጋፋ አዋላጅ ግን ማዳመጫውን ቶሎ ማንሳቷ አላማራቸውም፤ ከቀጣዩ ቁርጠት በኋላ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ደቂቃዋን ሲጨርሱ ልቡ እየዘገየ ነበር። ሐኪም ተጠራ፤ ሕፃኑም እናቱም ተረፉ። ተማሪዋን ለብቻዋ ወስጄ ምን እንዳቻኮላት በቁጣ ስጠይቃት፣ ቀና ብላ ሳታየኝ «መምህርት፣ እኔ እኮ እርስዎ ያደረጉትን ነው ያደረግሁት» አለችኝ። ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ ተግሣጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱንም ቃል አልተጠቀምኩበትም።

ይህንኑ ቪዲዮ ያዩ ሌሎች ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች በመጪው ሰኞ ወደ ማዋለጃ ክፍሎች ይሰማራሉ። እስከ ዓርብ ድረስ የተቆረጠው እንዲመለስ፣ ካልሆነም ቪዲዮው እንዲነሳ እለምናለሁ። በበኩሌ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ በፊቴ አቁሜ ስልሳ ሰከንድ ማስቆጠር ጀምሬያለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን አርባኛው ሰከንድ ላይ ሰልችቷት የግድግዳውን ሰዓት ሰረቅ አድርጋ ያየችው መምህርቷ ነበረች።

ለሰጡኝ ዝናና ፊቴን በብርሃን ላሳመሩልኝ ባለሙያዎችዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣

በገዛ ፊርማዋ ያስቆረጠችው፣
የአዋላጅነት ሙያ መምህርት

ማስታወሻ፦ ቪዲዮው ከአምስት ደቂቃ መብለጥ ስለሌለበት ለአርባ ዘጠኝ ሰከንድ ቦታ የለም የሚባል ከሆነ፣ በመግቢያው ላይ የእርስዎ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ምንም ሳይቆረጥ ይገኛል። ጆሮዬን አስጠግቼ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት፤ ምት አላገኘሁበትም።