መጨረሻ ላይ የሚናገሩት ፎርማን፦ የአቶ ወንዳወቅ አንዳርጋቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንዳወቅ ከአባታቸው ከአቶ አንዳርጋቸው ይማምና ከእናታቸው ከወ/ሮ አማከለች ደምሌ በ1953 ዓ.ም. በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ አጠገብ ተወለዱ። በመርሳና በወልድያ ተምረው በ1974 ዓ.ም. ግንበኛ ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ ውለው አድረውም ፎርማን ሆኑ። በ1982 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሮማን ፈቃዱ ጋር ትዳር መሥርተው መቅደላንና ናሆምን ወልደዋል። የሰው ፎቅ ሲያቆሙ የራሳቸው አጥር ዘሞ መክረሙ የወ/ሮ ሮማን የዘወትር ሮሮ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ፎቅ ሲያሠሩ ለጎረቤት ሠርግ የሳይቱን ጣውላ አዋሱ፤ በእኛ አገር ለዳስ የተለመነ እንጨት አይከለከልም። ሰኞ ጣውላው ሲመለስ ሥራ እንዳይዘገይ ብለው፣ ማንንም ሳይጠይቁ መወጣጫው ላይ እንዲነጠፍ አዘዙ። ልስን የሚሠራው ሲራጅ ገና ከመውጣቱ ጣውላው ከድቶት ወደቀ፤ እግሩም ተሰበረ። የሲሚንቶ ሞርታር የምታቀብለው አሚና ግን ያ ጣውላ በሠርግተኛ ብዛት ሲሰነጠቅ አይታ ነበር። ለምን ዝም እንዳለች ቢጠይቋት፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለቻቸው። ይህ ቃል ዕድሜ ልካቸውን ከጆሯቸው አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ ክብ ያስቆሙ ነበር። አዲስ የመጣው የቀን ሠራተኛ ያሰጋውን ቀድሞ ይናገራል፣ እሳቸው መጨረሻ ይናገራሉ፤ አለቃ ከቀደመ ሌላው በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ያየውን አይናገርም ይሉ ነበር። ከተነገረው ሁሉ የከፋው ሳይስተካከል ሥራ አይጀመርም። ካልተስማሙም የውሳኔው ቃል መወጣጫው ላይ ለሚወጣው ሰው ይሰጣል፤ «አልወጣም» ካለ አበቃ። «ሳይት ነው ወይስ ሸንጎ?» እያሉ ያላገጡባቸው አሠሪዎች ነበሩ። እሳቸው ግን አልተዉትም፤ ከዚያ በኋላ በእሳቸው ሥር የሠራ ሁሉ ማታ በደኅና ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ ብዙ እናቶች ዛሬም ያመሰግኗቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በደሴና በአዲስ አበባ ታከሙ። ሐኪሞች ተስፋው የመነመነ ቀዶ ሕክምና ሲያቀርቡላቸው ቤተሰቡን ክብ አስቀመጡ። ከታናሹ ከናሆም ጀምሮ ሁላችንም ይሞከር አልን። መጨረሻ ላይ እሳቸው፣ «የምወጣው እኔ ነኝ፤ መርሳ ውሰዱኝ» አሉ። እያለቀስን እሺ አልን። ከቤታቸው በረንዳ መንገዱን እያዩ፣ ከጠያቂ ጋር እየቀለዱ ከርመው፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ዛሬ በሐራ ከተማ ፎርማን የሆነው ሲራጅ ሳጥኑን ልሸከም ብሏል። የሚያነክስ እግሩን አይተን ልንከለክለው ነበር። ነገር ግን በእሳቸው ሕግ ቃሉ የተሸካሚው ነውና ከፊት ይዟል።

የሰውን ነፍስ ሲጠብቁ የኖሩትን የአባታችንን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም ዕቅፍ ይጠብቅልን።