ሊቅ ናት ብዬ ስለጻፍኩልሽ ልጅ

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለውድ እህቴ ለእታለም።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ጉልበት ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስታዪ ትፈሪያለሽ? አባባስ ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ እንዴት ሆነላቸው? ባለቤትሽ ጋሼስ ከነቀልዳቸው ደህና ናቸው? እኛ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ባለቤቴም ልጄም በጤና አሉ። እኔ ግን ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እታለም፣ ባለፈው ደብዳቤዬ ልጄ በሰባት ዓመቷ ትልልቅ ቁጥሮችን በቃሏ ታባዛለች፣ ሊቅ ሳትሆን አትቀርም ብዬሽ ነበር። አንቺም ለአባባ፣ ለጋሼና ለጎረቤቱ ሁሉ ጮክ ብለሽ እንዳነበብሽው፣ አባባም ከደስታቸው ብዛት ትራሳቸው ስር እንዳስቀመጡት ጻፍሽልኝ። ያንን ሳነብ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ልጄ አታባዛም። ሐኪሞቹ ኦቲዝም አለባት ካሉን ዓመት አልፎታል። ቃል የምታወጣው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ሰው ዓይን ውስጥ አታይም፤ ጫጫታ ያስጨንቃታል። በጠየቅሽኝ ቁጥር ቁጥብ ናት እያልኩ ሳልፍሽ ኖሬያለሁ።

ነገሩ የመጣው ከሥራ ቦታዬ ነው። እንደምታውቂው ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት መቁረጫው ላይ ነኝ። አንድ ቀን የምንቆርጠው መጽሔት ላይ ኒውተንና አንስታይን ኦቲዝም ነበራቸው ይሆን የሚል ጽሑፍ አየሁ። ኒውተን ሰው የማይቀርብ፣ ሥራ ከያዘ ምግቡን የሚረሳ፣ አንስታይን ደግሞ አፉን የፈታው ዘግይቶ እንደነበር ይባላል ይልና፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ሳይኖርባቸው አይቀርም ማለታቸውን ይጠቅሳል። ልቤ እንዴት እንደዘለለ አትጠይቂኝ። የተበላሸ አንድ ገጽ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። መጨረሻው ላይ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም የሚለውን አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ። ልጅህ ለምን አትናገርም የሚለኝን ሁሉ ያንን ገጽ እያወጣሁ አፉን አስያዝኩት። ከሥራ የማመጣላትን የወረቀት ቁራጭ በየቀለሙ ለይታ ትደረድራለች፤ ያንን ስሌት ነው አልኩ። ከመደርደር ወደ ማባዛት ያሳደግኩት እኔው ነኝ። ወሬው አለቃችን ጆሮ ደረሰና በምሳ ሰዓት አምጣትና እንያት አለኝ። ባለቤቴ ተው ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም፤ አዲስ ቀሚስ አልብሼ ወሰድኳት።

መመገቢያ ክፍሉ ጢም ብሏል። ወንበር ላይ አቆምኳት። አለቃችን አሥራ ሰባት በሃያ ሦስት ሲባዛ ስንት ነው አላት። የቀሚሷን ጫፍ ማሻሸት ያዘች። እኔ ደገምኩላት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሠለስኩ። በዚህ መሀል ማሽኖቹ ተነሱ። ልጄ ጆሮዎቿን ይዛ ጮኸች፤ ከወንበሩ ወርዳ ጠረጴዛ ስር ገባች፤ ቀሚሷንም አረጠበች። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ወደ እሷ ከማጎንበሴ በፊት ወደ ሰዎቹ ዞሬ፣ “ዛሬ አሟት ነው” አልኩ። ጠረጴዛው ስር ገብታ አጠገቧ የተቀመጠችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እኔ ቆሜ አያለሁ። እታለም፣ በገዛ ልጄ አፍሬ ነበር። ዛሬ ቀና ብዬ እንዳልሄድ ያደረገኝ ይኸው ነው።

ባለቤቴ ልብሷን እየቀየረችላት ምንም አልጮኸችብኝም። “ሊቅ ካልሆነች አትፈልጋትም ማለት ነው?” ብቻ አለችኝ።

በማግስቱ ንግግር የምታስተምራት መምህርት ዘንድ ሄጄ ገጹን ዘረጋሁላትና፣ እነዚህ ሰዎች ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም ብዬ አፋጠጥኳት። ቀስ ብላ አነበበችው። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ሰዎቹ ካለፉ በኋላ መርምሮ የሚያረጋግጥ የለም አለችኝ። ደግሞም ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ ሊቅ አይደለም፣ የመሆንም ግዴታ የለበትም አለች። ከዚያ ገጹን አጥፋ መለሰችልኝና፣ “ልጅህን ምን ደስ እንደሚላት ታውቃለህ?” ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር።

አሁን ከሥራ ስመለስ መሬት ላይ አብሬያት እቀመጣለሁ። ምንም አልጠይቃትም። መጀመሪያ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አረንጓዴ ቁራጭ አንስታ እጄ ላይ አኖረች። ምን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም፤ ሥራ ቦታም አላወራሁትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ያኛውን ደብዳቤ ላነበብሽላቸው ሰዎች በሙሉ ይህንንም አንብቢላቸው። አባባ ማዘናቸው አይቀርም፤ ኀዘናቸው በእኔ ይሁን፣ በልጅቷ እንዳይሆን።

የአባባን ጉልበት ስሜያለሁ። ጋሼን በጣም ናፍቄያቸዋለሁ በይልኝ፤ በዚህ ደብዳቤ ግን እንዳይቀልዱ አደራ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ባለቤቴ በናፍቆት ትስምሻለች፤ ጻፍ ጻፍ ያለችኝም እሷ ናት። ልጄም ሰላም ትላችኋለች ብዬ እንደ ወትሮው ልጽፍ ነበር፤ አላለችም። ይህን ስጽፍ ግን አጠገቤ ተቀምጣለች።

ወንድምሽ

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ካለው ቤታችን
ጥቅምት 14 ቀን