ቁጥር ሰባት ሱቅ

ውድ እትዬ የዓለምዘርፍ፣

ለጤናዎ እንዴት ነዎት ብዬ እንዳልጀምር፣ ከአንድ ሰዓት በፊት እላይ ቤት ሆነው በስልክ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ። ደህና ነዎት። እኔ ቤዝመንት ውስጥ፣ ልክ ከወጥ ቤትዎ ወለል ሥር፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። በመካከላችን ያለው አሥራ ሦስት ደረጃ ነው። አሥራ ሦስት ደረጃ ወጥቶ መናገር ያቃተው ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም፤ ወደ ኋላ ላይ የሚስቁበት አያገኙም።

ነገሩ የቀለበቱ ነገር ነው። ሐሙስ ዕለት ያንን ሰማያዊ ድንጋይ ያለውን ቀለበትዎን ከጣትዎ አውልቀው፣ በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። የልጅ ልጅዎ ሳሌም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልታገባ ነው፤ ጣቷ ቀጭን ስለሆነ በልኳ እንዲጠብላት ነበር። እሷም አጠገብዎ ቆማ፣ “እማማ፣ ኢትስ ሶ ቢውቲፉል! ግን ላይክ፣ ቱ ሳይዝ ይበልጠኛል” አለች። እርስዎ ወደ እኔ ዞረው፣ “መርዕድ ይወስደዋል። ያስገዛኝም እሱ፣ የሚያውቀውም እሱ” አሉ።

ወሰድኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወርቅ ሠሪው በፈቃዱ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ቀለበቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ማጉያውን አውርዶ እኔን አየኝ።

“ይሄን ማነው የገዛው?”

“ምነው?”

“ወርቁ ቅብ ነው። ድንጋዩ ደግሞ መስታወት። ጥሩ መስታወት ነው፣ አልዋሽህም። ግን መስታወት ነው።”

እትዬ፣ ሰው የሚደነግጠው ያልጠረጠረውን ሲሰማ ነው። እኔ አልደነገጥኩም። በፈቃዱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

አሁን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ልመልስዎት። ታሪኩን ያውቁታል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስንት ጊዜ ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን ሳይሰለችዎ፣ አንድም ቀን ሳይጨምሩበት። ዛሬ ግን እኔ ከቆምኩበት በኩል ይስሙት።

በ2011 ልጅዎ ብርሃኔ ስልሳ አምስተኛ ዓመትዎን ምክንያት አድርጎ ከባልቲሞር የሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ላይ ወሰደዎት። እኔ ያን ጊዜ መርከቡ ላይ ሦስት ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ፤ ኋላ አፌ ሲታይ መድረክ ላይ አወጡኝ። ሥራዬ መርከቡ ወደብ ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን መንገደኛውን አዳራሽ ሰብስቤ፣ ነገ ስትወርዱ ምን ግዙ፣ ከየት ግዙ ብዬ መምከር ነበር። ካርታ አድላለሁ። ካርታው ላይ ሱቆቹ በቁጥር ተቀምጠዋል። ሱቆቹ ካርታው ላይ የገቡት ስለከፈሉ ነው እንጂ ዕቃቸው ታይቶ አልነበረም። የኔ ፊርማ ያለበት ካርድ ይዞ ከገባው ገዢ ላይም ለእኔ የሚደርሰኝ ነበር። ይህንን ለመንገደኛው የሚናገር ሰው አልነበረም። “ለመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች የነፃ ስጦታ አለ!” ስላቸው፣ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ እንደተባለው፣ በማግስቱ ደረጃውን እየተጋፉ ይወርዱ ነበር።

እርስዎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዎን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። ብርሃኔ አጠገብዎ ሆኖ ይተረጉምልዎታል። እኔ ስለዚያ ሰማያዊ ድንጋይ፣ በዓለም ላይ ከአንድ የታንዛኒያ ተራራ ሥር ብቻ እንደሚወጣ፣ ነገ ሊያልቅ እንደሚችል፣ የተለመደውን ስብከቴን አወርዳለሁ። ጨርሼ “ጥያቄ ያለው?” ስል እጅዎን አወጡ። ብርሃኔ እጅዎን ይዞ ሊያወርደው ሲታገል አሁንም ይታየኛል። ደረቴ ላይ ካለው የስም ምልክት አንብቦ ነግሮዎት ኖሯል፤ ቆመው፣ በዚያ ሦስት መቶ ሰው ፊት፣ በአማርኛ፣

“አንተ ልጅ፣ መርዕድ ነው ያሉኝ ስምህን። ሀበሻ ነህ አይደል?” አሉኝ።

“አዎ፣ እናቴ።”

“እሰይ! እኔ የምልህ፣ ይሄ ድንጋይ ከታንዛኒያ እዚህ ድረስ የመጣው እንደኛ ዲቪ ደርሶት ነው?”

ሳቄ አመለጠኝ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ያልገባውን ሳቅ አብሮኝ ሳቀ። እርስዎ ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ፤ ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

“ስሰማህ የቆየሁት ለፈረንጆቹ የምትለውን ነው። አሁን ለእኔ ንገረኝ። ሳገባ አማቴ ያጠለቁልኝ ቀለበት በስደት መንገድ ላይ ጠፋብኝ። የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ከእጄ ወደ እጇ የሚያልፍ ነገር እፈልጋለሁ። እናትህ ብትሆን የት ነበር የምትልካት?”

እትዬ፣ እዚህ ላይ ነው ስምንት ዓመት ሙሉ የምወድቀው።

አለቃዬ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ቆማ ነበር። አማርኛ አታውቅም። ማንም አያውቅም። እውነቱን ብናገር ከእርስዎና ከብርሃኔ በቀር የሚሰማኝ አልነበረም። ሥራዬ አይነካም፣ እንጀራዬ አይጓደልም። በእንግሊዝኛ የምለውን ሁሉ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው ስለሆንኩ ነው የምለው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። በአማርኛ እንድዋሽ ግን ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከፈለኝም። እኔም ፈገግ አልኩና፣

“እናቴ ብትሆን ቁጥር ሰባት ነበር የምልካት” አልኩዎት።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ መሰለዎት። ተንኮል አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲል የኖረ አፍ ነው፤ ቋንቋው ተቀየረ እንጂ አፉ አልተቀየረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔም ልይዘው አልሞከርኩም። ካርዴን ፈርሜ ሰጠሁዎት፣ እርስዎም መረቁኝ።

ቁጥር ሰባት ምን ዓይነት ሱቅ እንደሆነ አላውቅም ነበር እንዳልል፣ አውቃለሁ። ከሁለት ጉዞ በፊት ባልና ሚስት መንገደኞች ከዚያ የገዙት ሐብል በሳምንቱ ጠቁሮባቸው ደብዳቤ ጽፈውልኝ ነበር። አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እስከ መጨረሻው አልመለስኩላቸውም።

በማግስቱ ማታ ቀለበቱን አጥልቀው ሊያሳዩኝ መጡ። እጄን ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ከቦርሳዎ እስክሪብቶ አውጥተው፣ በዚያው በሱቆቹ ካርታ ጀርባ ላይ፣ ስልክ ቁጥርዎን ጻፉልኝ። “አሜሪካ ከወረድክ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ለእኔ እንደ እናትህ ነው የመከርከኝ፤ እኔም እናትህ ነኝ” አሉኝ። ያን ሌሊት ከመርከብ እወርዳለሁ ብዬ ማልኩ፤ ግን ሌላ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ስእለቴ እንኳን ወረፋ የሚጠብቅ ነው።

በ2014 ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ፣ እንደ ድንጋዩ፣ ከደለስ አየር ማረፊያ የደወልኩት ለእርስዎ ነው። ሌላ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። “ማን ልበል?” ሳይሉኝ፣ “የኔ ደላላ!” ብለው ጮኹ። ብርሃኔ ከሚኖርበት ከበርክ ተነስቶ እርስዎን ይዞ መጣ። መኪናው ውስጥ ያጠለቁትን ቀለበት እያዞሩ፣ “ቤዝመንቱ ባዶ ነው። ሌላ ቤት ብትፈልግ እጣላሃለሁ” አሉኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሻንጣዬ አለ፣ ብርድ አለ፣ የማድርበት የለም። ዛሬ ልናገር ነገ ልናገር እያልኩ አምስት ዓመት የእርስዎን ወጥ በላሁ።

እርስዎ ደግሞ ፋታ አልሰጡኝም። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዎ ወይዘሮ ልሳነወርቅ ልጃቸው መኪና ሊገዛ ነው ሲሉ፣ “መርዕድን ጠይቁ፣ እሱ ካለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ” ይላሉ። ፍራሽ የሚገዛ፣ ስልክ የሚቀይር፣ አፓርታማ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። እኔ “አላውቅም፣ ራስዎ አይተው ይግዙ” ስል፣ “አያችሁ ትሕትናውን!” ይላሉ። ትሕትና አይደለም እትዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሰው ይሄን ግዛ ማለት አፌ እምቢ ብሎኛል። ሥራዬ ነውና የአየር ማረፊያ ማመላለሻ ስነዳ መንገደኛ “የት ጥሩ ምግብ አለ?” ብሎ ሲጠይቀኝ እንኳ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣም።

ወደ በፈቃዱ ልመለስ። ከወንበሩ ሳልነሳ ነገሩን በሙሉ ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥቂት አሰበና፣ “በቃ፣ እኔ ተመሳሳይ ድንጋይ አለኝ። እውነተኛውን። ወርቁንም በዚሁ ቅርጽ እሠራዋለሁ። ቀስ እያልክ ትከፍለኛለህ። እሳቸው ዓይናቸውም ደክሟል፤ ማን ያውቃል?” አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ “እሺ” አልኩት። ከሱቁ ወጥቼ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሳሌም እውነተኛ ቀለበት ታደርጋለች፣ እርስዎ አያዝኑም፣ እኔም ነፃ እወጣለሁ። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ ነው “ማን ያውቃል” የሚለው ቃል የቆረጠመኝ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥስ ማን ያውቅ ነበር? ያኔም የሚሰማኝ አልነበረም፣ አሁንም የሚያየኝ የለም፤ እኔም ያው ነኝ ማለት ነው። ደግሞም እርስዎ ቀለበቱን ሳሌም ጣት ላይ ሲያጠልቁ የሚነግሯትን ታሪክ አውቀዋለሁ። “ይሄንን የመረጠልኝ ሀቀኛ ልጅ ነው” ይሏታል። እሷም አንድ ቀን ለልጇ ትነግራለች። ድንጋዩን ብቀይር ያንን ምን አደርገዋለሁ? የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ወረድኩና ተመልሼ ቀለበቱን እንዳለ ተቀበልኩ። በፈቃዱ፣ “ሞኝ ነህ” አለኝ። ከዚያ ደግሞ መሐረቡን ራሱ አጥፎ ሰጠኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቀለበቱ ብቻ አይደለም። በማያውቁት አገር ባሕር ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ የሚታመን ሰው አገኘሁ ብለው ነበር፤ እኔ ነበርኩ ያ ሰው። ስወድዎት ኖሬያለሁ፣ ያም ውሸት አልነበረም። ግን ስወድዎት ባንድ እጄ፣ ስደብቅዎት በሌላ እጄ ነበር፤ ሁለቱንም እጄን እፈልጋቸዋለሁ።

ጥያቄዎንም ስምንት ዓመት ዘግይቼ ልመልስ። እናቴ ብትሆን የት ነበር የምልካት? ከወደቡ አጥር ወጥተው፣ ካርታው ላይ ያሉትን ሱቆች ሁሉ አልፈው፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ አረንጓዴ በር አለ። ያለ ቁጥር ነው። አንዲት አሮጊት ከእህታቸው ጋር ብር ይሠራሉ። ዕቃውን ፊት ለፊትዎ ይመዝናሉ፣ “ይሄ እንከን አለበት፣ አትውሰድ” ይላሉ። የመርከቡ ሠራተኛ ሁሉ የሚገዛው ከዚያ ነበር። እርስዎ ያን ጥያቄ ከመጠየቅዎ ከአንድ ወር በፊት፣ ለእናቴ የጆሮ ጌጥ የገዛሁት ከዚያ ነው። እናቴ እስካሁን ታደርገዋለች። መልሱን ሳስበው እንኳ መፈለግ አልነበረብኝም፤ አውቀው ነበር።

ለሳሌም ሰርግ ገና ስድስት ሳምንት አለ። ከፈቀዱልኝ በፈቃዱ ዘንድ አብረን ሄደን ራስዎ አይተው የወደዱትን ይመርጡላታል። እኔ ሻንጣ እይዛለሁ፣ በር እከፍታለሁ። የቱ ይሻላል ብለው ግን አይጠይቁኝ። ካልፈቀዱልኝም፣ የቤዝመንቱን ቁልፍ ከቀለበቱ ጋር መሐረቡ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤውን እላይ በር ሥር ላስገባው አስቤ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ፖስታ የማነብልዎ እኔ ነኝ። በመጥረጊያው እንጨት ወለሉን አንዴ ከመቱ ምሳ ደርሷል፤ ሁለቴ ከመቱ ደብዳቤ መጥቷል። የኢንሹራንሱን ሁለት ገጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ፣ “ምንም አይደል፣ ማስታወቂያ ነው” እልዎታለሁ፤ እርስዎም ያምኑኛል። ይህንንም ቢሆን የሚያነብልዎ ሌላ ሰው እዚህ ቤት የለም።

አሁን ወለሉ ተመታ። ሁለቴ ነው።

ቀለበቱንና ቁልፉን፣ ያንን ካርታም ከነስልክ ቁጥርዎ፣ ይዤ እየወጣሁ ነው። ይህችን ከመጡት ፖስታዎች ሁሉ በላይ አደርጋታለሁ። እርስዎ እንደ ልማድዎ ወንበር እየሳቡልኝ፣ “ምን ይላል?” ይሉኛል።

ቁጭ ብዬ አነብልዎታለሁ፤ ዛሬ ሳላሳጥር።

ከወለልዎ ሥር፣
መርዕድ
አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ፣ ማርች 2019