ቀዳዳ ተብለው ስለተደፈኑ አሥራ አራት መተንፈሻዎች

ቀን፦ የካቲት 18

ለቤቶች አስተዳደርና ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የቤት ቁጥር 43 የጣሪያ መተንፈሻዎች ዳግም እንዳይደፈኑ፣ "አለበለዚያ ቤቱን አስረክቡ" የሚለው ማስጠንቀቂያም እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

"ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" የሚል ደብዳቤ ሠላሳ አንድ ዓመት ስተይብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የጽሕፈት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው የራሴን ጉዳይ ስለሆነ አልሞከርኩም፤ ገልጬዋለሁ። የቀረውን ደግሞ በተራ አቀርባለሁ።

1. እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጽሕፈት ቤትዎ ከሚያስተዳድራቸው ስምንት የረድፍ ቤቶች መካከል በጫፍ ባለው ነው። ከገባን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ባለቤቴ ጣሪያ ሠሪ ነበሩ። ሰፈሩ "ጋሽ ቆርቆሮ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሌላ ስም የሌላቸው ይመስል "አቤት" ይላሉ። የእነዚህን ስምንት ቤቶች ጣሪያ የመቱት እሳቸው ናቸው፤ ያሠራቸውም ሌላ ሳይሆን ይኸው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ያኔ በተሰጣቸው ፕላን ላይ፣ በየቤቱ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ላለው ባዶ ቦታ አሥራ አራት "መተንፈሻ" እንዲተውለት ታዟል፤ ሰባቱ ከክፈፉ ሥር ዝቅ ብለው፣ ሰባቱ በግንቡ ጫፍ ከፍ ብለው። ወፍ እንዳይገባም ወንፊት ሽቦ ተመቶባቸዋል። ፕላኑ የጽሕፈት ቤቱ ክብ ማኅተም አለበት። ኮፒውን አያይዣለሁ፤ ዋናውን አልሰጥም። ወረቀት ቢሮ ገብቶ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

2. ዘንድሮ ጽሕፈት ቤቱ "ቀዳዳን የመድፈን ዓመት" ብሎ አውጇል። መፈክሩ የተጻፈበት ጨርቅ እስካሁን በራችሁ ላይ ተሰቅሏል። እንደሰማሁት መጀመሪያ የታሰበው የብክነት ቀዳዳ ነበር፤ የሚባክን ነዳጅ፣ ከመጋዘን የሚጠፋ ዕቃ፣ ጠዋት ፈርሞ ሲመሽ የሚመለስ ሠራተኛ። እነዚያ ቀዳዳዎች ለመድፈን የሚያስቸግሩ ሆነው ተገኙ መሰለኝ፣ ዘመቻው ወደ ግድግዳ ዞረ። ግድግዳ ዘመድ የለውም።

3. ጥቅምት 20 ቀን የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም ተብሎ ኮርኒሳችን ላይ የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ተነጠፈ። ሠራተኞቹ "ፍራሹ" የሚሉት ነው። በዚህ አላማርርም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ቤት እኩለ ቀን ላይ ምድጃ፣ ጠዋት ላይ በረዶ ቤት ነበር፤ ባለቤቴም ያኔ ቤቱ ገና ሲሠራ "ከላዩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ይደረግበት" ብለው አስተያየት ሰጥተው ነበር። መልሱ የመጣው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ መምጣቱም አንድ ነገር ነው።

ችግሩ የተፈጠረው ንጣፉ ካለቀ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ ባልዲ ሙሉ ሲሚንቶ ይዘው መሰላል ላይ ወጡና አሥራ አራቱንም መተንፈሻ ከውጭ ደፈኑ። ባለቤቴ ከመሰላሉ ሥር ቆመው ፎርማኑን "ልጄ፣ ይሄ እኮ ቀዳዳ አይደለም፤ የቤቱ አፍንጫ ነው" አሉት። ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አሳያቸው። "አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ? ዝርዝሩ የሚለው ቀዳዳ ነው" አላቸው። እኔም መነጽሬን አድርጌ አየሁት። "ቀዳዳ፦ 14። ይደፈን።" ይላል። የቆጠራ ቅጹ ላይ ያሉት ዓምዶች አራት ብቻ ናቸው፤ በር፣ መስኮት፣ ስንጥቅ፣ ቀዳዳ። መተንፈሻ የሚል ዓምድ የለም። ቆጣሪው መተንፈሻ ሲያይ የሚያስገባበት ቢያጣ ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አፍንጫውንና አፉን በየትኛው ዓምድ እንደሚጽፋቸው ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት በራችን ላይ "ከቀዳዳ ነፃ ሞዴል ቤት" የሚል ሰሌዳ ተመታ። ከስምንቱ ቤቶች ለናሙና የተመረጥነው እኛ ነን። የቀሩት ሰባቱ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

4. ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የእኛ ውሃ የመጣው ከኮርኒስ ነው። ኅዳር በገባ በሦስተኛው ሳምንት ምግብ የምንበላበት ክፍል ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። ቀጥሎ ከአልጋችን ራስጌ። ክቡርነትዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ማስረዳት አይገባኝም ነበር፤ ነገር ግን ከቢሮዎ የመጡት ሁሉ የተማሩ ስለነበሩ ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ከድስት፣ ከልብስ እጥበት፣ ከሰው ትንፋሽ የሚወጣ እንፋሎት ሽቅብ ይሄዳል። በፊት በመተንፈሻዎቹ ይወጣ ነበር። አሁን መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ይለጠፋል፣ ውሃ ይሆናል፣ ፍራሹ ላይ ይወርዳል። የራሰ ፍራሽ ሙቀት አይይዝም፤ ሻጋታ ነው የሚይዘው። ኃይል ሊቆጥብ የተነጠፈው ንጣፍ እንዲህ ሆኖ፣ ድሮ ማታ ማታ አንድ ሁለት ሰዓት የምናበራውን ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ እንድናበራ አደረገን።

ባለቤቴ አርባ ዓመት የቆርቆሮና የእንጨት ብናኝ ሲስቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሳንባቸው ድሮም ደህና አልነበረም። ከኅዳር ወዲህ ግን ጋደም ማለት አቃታቸው። ሦስት ትራስ ደርድረው እንደተቀመጡ ነው የሚያሸልቡት። የሐኪማቸው ወረቀት ተያይዟል፤ "እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት እንዳይኖሩ" ይላል። አርባ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ኩርፊያቸውን፣ ቀልዳቸውን፣ ማንኮራፋታቸውንም ለምጄው ነበር። ትንፋሻቸውን መቁጠር ግን አልለመድኩም፤ ፈራሁ።

5. አቤት አልኩ። ኅዳር 25 ቀን ለጻፍኩት ማመልከቻ ታኅሣሥ 6 ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ተላከልን። ከኮርኒሳችን በላይ አንድም ቧንቧ አያልፍም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ሰውየው ግማሽ ቀን ፈልጎ "ቧንቧ የላችሁም" የሚል ሪፖርት ጽፎ ሄደ። ቀጥሎ ታኅሣሥ 19 ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው ዝናብ እንዳይገባ ቆርቆሮውን ከላይ ሬንጅ ቀቡት። ዝናብ ከጣለ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ባለቤቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ "የት ያለ ዝናብ ነው እባካችሁ? ለእኛም አሳዩን" አሏቸው። ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረና አንድ ሙሉ ሰዓት አላቆመም።

6. ጥር 5 ቀን ሞዴል ቤቱን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። ከመድረሳቸው በፊት የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ገባ። እኔ ባለ ነጭ ጫማው ነው የምለው፤ ሦስት ጊዜ መጥቶ አንድ ቀን እንኳ መሰላል ስላልረገጠ ጫማው እንደነጣ አለ። ወለሉ ላይ የደረደርኳቸውን አራት ሳፋዎች አየና "እማማ፣ ለፎቶ ያህል አልጋ ሥር ቢገቡ" አለኝ። እኔ የሱ እማማ አይደለሁም። ወልጄው ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ከሳፋ በፊት ኮርኒስ እንዲያይ አድርጌ አሳድገው ነበር። ሳፋዎቹን አላነሳሁም። እሱ ራሱ በእግሩ እየገፋ አስገባቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ከመካከላቸው የአንዱ ኮት ትከሻ ላይ ጠብ ሲል ግን አይቻለሁ። ቀና ብሎ አየ፤ በመሐረብ ጠርጎ ከሌሎቹ ጋር ፎቶ ተነሳ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ በደረሰን ደብዳቤ ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ "እርጥበቱ ከነዋሪዎች የአጠቃቀም ጉድለት የመነጨ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ የምትፈጥሩትን እንፋሎት እንድትቀንሱ እናሳስባለን።" ክቡር ኃላፊ፣ በዚህ ቤት ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዳችን መተንፈስ ቀንሰዋል። መመሪያው ከመድረሱ በፊት።

7. ስለዚህ ጥር 21 ቀን ረፋድ ላይ መሰላል ተውሼ ወጣሁ። ዕድሜዬ ስልሳ ሦስት ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣሁበት ከፍታ ቢበዛ ፋይል ለማውረድ ወንበር ላይ ነው። መሮና መዶሻውን የሰጡኝ ባለቤቴ ናቸው። ከሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ "ወደ ግራ፤ ኧረ ወደ ግራ! የታይፕ ፊደል እኮ አይደለም፣ ምቺው!" እያሉ አሠሩኝ። አሥራ አራቱን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲሚንቶው ከተነሳ በኋላ ከውስጥ የወጣውን ሽታ አልገልጸውም፤ ይህ ጨዋ ደብዳቤ ነው። የራሰውን ፍራሽ አውርጄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁና መልሼ ነጠፍኩት፤ ባለቤቴ እንዳዘዙኝም ከእያንዳንዱ መተንፈሻ አጠገብ አንድ ስንዝር ክፍት ተውኩለት። የእርስዎ ሠራተኞች ያልተዉት ስንዝር እሱ ነው።

በዘጠነኛው ቀን መንጠባጠቡ ቆመ። ንጣፉም መጀመሪያ የተባለለትን ሥራ መሥራት ጀመረ፤ ማሞቂያው አሁን ከአንድ ሰዓት በላይ አይበራም። ኃይል ተቆጠበ ማለት ይህ ነው፤ ለሪፖርት ይጠቀሙበት፣ አልከለክልም። ባለቤቴ ሳላቸው አልጠፋም፤ እንዳይመስልዎት። ግን ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ሁለቱን ትራስ አንስተው በጀርባቸው ጋደም አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን የተበሳው ምን እንደሆነ እንዲያውቁት ነው።

8. የካቲት 11 ቀን የጽሕፈት ቤቱ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። "በሕገ ወጥ መንገድ የጽሕፈት ቤቱን ንብረት በአሥራ አራት ቦታ በመብሳት" ተከሰናል። በአሥር ቀን ውስጥ እንዲደፈን ካልተባበርን ቤቱን እናስረክባለን። ጉዳዩን ላስረዳ ቢሮ ብመጣ ባለ ነጭ ጫማው እውነቱን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ፤ "እማማ፣ አሥራ አራት ከአሥራ አራት ተደፍኗል ተብሎ ወደ በላይ ሪፖርት ሄዷል። አሁን ተከፍቷል ብንል አፈጻጸማችን ዜሮ ሊሆን ነው እኮ" አለኝ። በቅንነት ነው የነገረኝ፤ ያናደደኝም ቅንነቱ ነው። ለካስ ባለቤቴ ትራስ ደርድረው የሚቀመጡት መቶ በመቶ እንዳይጎድል ኖሯል።

ስለሆነም፦ መተንፈሻዎቹ እንደተከፈቱ እንዲቆዩ፤ የካቲት 11 ቀን የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲሻር፤ ተራ የሚጠብቁት ሰባት ቤቶች ንጣፉ ይነጠፍላቸው፣ ሲሚንቶው ግን ይቅርባቸው ዘንድ እጠይቃለሁ። ሰሌዳውን በፈለጋችሁ ጊዜ ነቅላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ሚስማሩን አላልቼዋለሁ።

የተሰጠን ቀን የሚያልቀው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሠራተኞቹ መሰላል ይዘው ሲመጡ ባለቤቴ ከቤት አይወጡም፤ መሄጃም የላቸውም። እኔም በሠራተኞች ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ አልፈልግም፤ የታዘዙትን ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ሥራችሁን ለማቅለል አንድ አጭር ደብዳቤ ራሴ ተይቤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እንዲህ ይላል፦ "በቤት ቁጥር 43 ሳንባው የታመመ ሰው እንደሚኖር፣ መተንፈሻዎቹ ሲደፈኑ ምን እንደደረሰበት፣ ሲከፈቱም ምን እንደተሻለው አንብቤ ተረድቻለሁ። ይህን አውቄ ይደፈኑ ብዬ አዝዣለሁ።" ከሥሩ ለስምዎ፣ ለፊርማዎና ለማኅተሙ ቦታ ትቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለአለቆች ፊርማ ወረቀት አቅርቤአለሁና መጠኑ ይበቃል። ፈርመው ከላኩልኝ መሰላሉን ራሴ እይዝላቸዋለሁ።

ካልፈረሙት ግን ሰው አይላኩብን።

ከሚገባዎት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቤት ቁጥር 43 ነዋሪ፣ ጡረተኛ የጽሕፈት ሠራተኛ