ጎጡን በሙሉ አንድ ሰው ላደረጉት ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር አቶ ይሄይስ፣
የደጋ ፍሬ የዘር ድንች አምራቾች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
እንጅባራ

ጉዳዩ፦ ተመልሰን ብዙ ሰው እንድንሆን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመዋል? የእንጅባራ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት ይዞታል? ካፖርትዎ፣ ዙሪያውን የሚሽከረከረው ወንበርዎ፣ ከሁሉም በላይ ኮምፒውተርዎ ደህና ናቸው ወይ? እኛ ከአዲስ ቅዳም በላይ ያለነው የጎጥ ሰዎች፣ ይቅርታ፣ የጎጥ ሰው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ማለትም ደህና ነኝ፤ ማለትም እርስዎ በመዘገቡት መሠረት ወይዘሮ ስሜነሽ ደህና ናቸው።

ይህን የምጽፍልዎ እኔ ወገኔ ምስጋናው ነኝ። ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነበር። ዘንድሮ ግን የማታ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ፊርማዬ ከባንክ ሥራ አስኪያጅ ፊርማ ይልቅ ይጠማዘዛል፤ በጎጣችንም ኢሜይል ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምነግርዎ ለመመካት አይደለም፤ ለመመካት ቢሆን ኖሮ የይለፍ ቃሌን ርዝመት እነግርዎ ነበር። አቤቱታዬን መምህራችን እንዳስተማሩን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ. ሠራተኛዎ የአባላቱን ስምና ኢሜይል ሊመዘግብ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ስለመጣ እናመሰግናለን። ጎረቤቶቼ ኢሜይል የለንም ቢሉት «ባዶ መተው አይቻልም» አለ። እንዲያው ድሮስ ደብዳቤ ሲመጣልን «በትምህርት ቤቱ በኩል»፣ «በእገሌ ሱቅ በኩል» እየተባለ አይደል የሚደርሰን? ስለዚህ ሁሉም በየተራው «በወገኔ በኩል ይድረሰኝ» እያለ የእኔን ኢሜይል አስመዘገበ። መጀመሪያ የተመዘገቡት አማቴ ወይዘሮ ስሜነሽ ናቸው፤ በሰልፍ ሁለተኛ ሆነው አያውቁም። እኔም ደረቴን ነፍቼ ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኩት።

2ኛ. በኋላ ሠራተኛዎ እንዳስረዳኝ፣ እርስዎ ያንን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተርዎ የአድራሻ ደብተር አስገቡት። ኮምፒውተሩ «በኩል» የሚባል ነገር አያውቅም ኖሮ፣ ኢሜይሉ አንድ የሆነ ሁሉ አንድ ሰው ነው ብሎ «ላዋህዳቸው?» ሲል ጠየቀዎ፤ እርስዎም «አዎ» አሉት። ከሁላችንም የቀረው የመጀመሪያው ስም ብቻ ሆነ። ለፍጥነትዎ ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው፤ ሽማግሌ ስንት ዘመን ሲያስታርቀን ኖሮ አንድ ሊያደርገው ያልቻለውን ጎጥ እርስዎ በአንድ ጣት አንድ አደረጉት። ነገር ግን «ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ» የተባለው ለተጋቡ ነው እንጂ፣ ክቡርነትዎ፣ ለአማትና ለአማች አይደለም።

3ኛ. «ውድ ወይዘሮ ስሜነሽ፣ ዘር ድንችዎ ስለደረሰ ይውሰዱ» የሚል መልእክት በእኔ ኢሜይል ገባ። ደስ ብሎን፣ የጭነት ፈረሶቻችንን ነድተን አዲስ ቅዳም ወደሚገኘው መጋዘንዎ ወረድን። የመጋዘኑ ሰው ወረቀቱን አይቶ «ከእናንተ ጎጥ አባል አንድ ነው» ብሎ አንድ ጆንያ አወጣ። አንዱ ፈረስ ተጭኖ፣ የቀሩት ሙሽራ እንደሚያጅቡ ሚዜዎች ባዶ ጀርባቸውን ይዘው ከኋላው ተመለሱ። ቢሮዎ መጥተን አቤት ስንልም ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው «ይኸው አንድ ናችሁ፤ ማሽን አይዋሽም» አሉኝ። ከኋላዬ በሩን ሞልተው የቆሙት ጎረቤቶቼ ምን እንደነበሩ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ጥላዬ ናቸው እንዳልል፣ ጥላዬ ሲያስል ሰምቼ አላውቅም።

4ኛ. ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቴ ሰላም በእርስዎ እጅ ነው። አማቴ «ወገኔ፣ የጎጡ ሕዝብ ሲያናግርህ ተነስተህ ስማ እንጂ!» ይሉኛል፤ የጎጡ ሕዝብ ማለት እሳቸው ናቸው። ስብሰባ እንጥራ ስንል «ምን ልትሠሩ? እኔ መጥቼ የለም ወይ!» ይላሉ። ሆኖም እውነቱ ይነገርና፣ ጆንያው በመጣበት ዕለት ደጃፋቸው ላይ ፈትተው ለየቤቱ በጣሳ እየሰፈሩ ሰጡት። ኮምፒውተርዎ አንድ ያደረገንን እሳቸው በጣሳ መልሰው ብዙ አደረጉን። ለየቤቱ የደረሰው ዘር ግን ከአንድ ትልም አያልፍም።

ክቡርነትዎ፣ እስካሁን የቀለድኩት ለወጉ ነው። ማሳው ታርሶ ለስልሷል፤ ዝናቡም ገብቷል። ድርሻችን በመጋዘንዎ ጨለማ ውስጥ ብቻውን እየጎነቆለ ነው። ሰኔ ከተጋመሰ ዘሩም ይበሰብሳል፣ እኛም ክረምቱን የምንወጣው የአንድ ትልም ድንች ለልጆቻችን እየቆጠብን ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ቢለንም፣ ሲርበን የሚርበን በየሆዳችን ነው። ስለዚህ በትሕትና የምንለምንዎ፣ የተዋሐደውን አጥፍተው ዝርዝሩን እንደገና እንዲያስገቡት፣ «ላዋህዳቸው?» ብሎ ሲጠይቅዎም «ተው» እንዲሉት ነው። «ተው» የሚለው የት እንዳለ ከጠፋብዎ፣ እኔ ማንበብ ስለምችል በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ በጣቴ አሳይዎታለሁ።

የወንበርዎ መሽከርከር ራስዎን እንዳያዞርብዎ ዘወትር እየጸለይኩ፣ ጎጥ ሙሉ ሰው በአንድ ኢሜይል አዝዬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ወገኔ ምስጋናው
(በእርስዎ ኮምፒውተር፦ ወይዘሮ ስሜነሽ)
ፊርማ፦ እጅግ የተጠማዘዘ

ግልባጭ፦ ለአማቴ፤ ማለትም ለጎጡ ሕዝብ በሙሉ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ እኔም አዲስ ቅዳም ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ የቢሮዎን ሰዎች ወደ ራሴ የአድራሻ ደብተር አስገብቼ ነበር። በርዎ ላይ እንደተለጠፈው እርስዎም፣ ሒሳብ ሠራተኛዋም፣ የመጋዘኑ ሰውም፣ ዘበኛው ጋሼ አየነውም የምትጠቀሙት አንድ ኢሜይል ነው። ኮምፒውተሩ «ላዋህዳቸው?» ሲለኝ፣ ከትልቅ ሰው መማር ደግ ነውና «አዎ» አልኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት በሩን የሚከፍቱልንን እሳቸውን ነበርና፣ ተርፎ የቀረው ስም የጋሼ አየነው ሆነ። እንግዲህ ዘሩ ደርሶን ድንቹ ሲወጣ ጎጣችን ለቢሮዎ ግብዣ ያደርጋል፤ የምናዘጋጀውም አንድ መቀመጫና አንድ ሳህን ነው። የእርስዎ ድርሻ በጋሼ አየነው በኩል ይደርስዎታል።