እትዬ አረጋሽ ሆቴሉን ያስጎበኙ ዕለት

መካኒሳ፣ ግንቦት 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ አብሮ አደጌ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የጎሬ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ባለፈው የጻፍሽልኝ የጉሮሮ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ተማሪዎችሽስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ እበላለሁ፤ እሠራለሁ። ጎረቤታችን ከድጃ ሰላም በይልኝ ብላለች። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። የዘገየሁት ሰንፌ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ ሆቴላችን ነው። «ሆቴላችን» ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ የመንግሥት ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ስሙም ሁለቴ ተቀይሯል። እኔ ያኔም አልጋ አነጥፍ ነበር፤ አሁንም አልጋ አነጥፋለሁ።

ግንቦት ስድስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ዳኜ ሰብስቦን ከቱሪዝም እንግዶች እንደሚመጡ ነገረን። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሊታዩ የሚገባቸው የቆዩ ሆቴሎች የሚወጡበት ትንሽ መጽሐፍ ሊታተም ነው አሉ። ፒያሳ ያለውን የእቴጌን ሆቴል፣ ራስ ሆቴልን፣ ገነት ሆቴልን አይተው ጨርሰዋል። አሁን ደግሞ ትንሽ ሆና ታሪክ ያላት ቤት ሲፈልጉ፣ አንድ ሰው በጅማ መንገድ ላይ ያለችውን የእኛን ጠቆማቸው።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ አንዲት ከቡልጋርያ የመጣች ጸሐፊ፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ አንድ ኑሪ የሚባል አስተርጓሚ ሆነው መጡ። ሴትዮዋ ገና ከበረንዳው ሳታልፍ ቤቱን ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ ብላ ጠየቀች። ጓድ ዳኜ ወረቀቱን ገለጠና «በሰፊው ሕዝብ ላብ...» ብሎ ጀምሮ ቆመ። አልፈረድኩበትም፤ እሱ ከተሾመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

እናትሽ ኮሪደሩ ላይ አንሶላ ያጥፉ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጥተዋቸው እዚያ ከገቡ ጀምሮ በየጠዋቱ እየመጡ ያጥፋሉ፤ እኔ ያጠፍኩትን እንኳ ፈትተው እንደገና ያጥፉታል። ሴትዮዋ እኚህ ማን ናቸው አለች። ጓድ ዳኜም «የቆዩ ሠራተኛ ናቸው» አለ። እትዬ አንሶላውን አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ኑሪን፣ «ንገራት የኔ ልጅ፣ እኔ አሳያታለሁ» አሉት።

እንዴት እንዳሳዩዋቸው ብታዪ! አንድም ክፍል አላለፉም። ጣሊያኑ መሐንዲስ ጥሎት የሄደውን የድንጋይ ቤት ባልና ሚስት ሆነው ገዝተው፣ ሁለቱን ክፍል በስምንት ዓመት አሥራ ሁለት እንዳደረሱት ነገሯት። የበረንዳው ብረት ከአስመራ ተጭኖ መምጣቱን፣ ሁለት ቁጥር የጅማ ቡና ነጋዴዎች እንደነበረች፣ አራት ቁጥር ውስጥ አንድ ዳኛ ታመው ገብተው ሦስት ወር ተኝተው ድነው እንደወጡ ነገሯት። ሰባት ቁጥር ሲደርሱ መስኮቱን ከፈቱት። የአቦ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ስለሚታይ ለሙሽሮች የምትሰጥ እሷ ነበረች አሉ። ሁሉንም የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነው። «ባለቤቷ አበባ የምታስቀምጠው እዚህ ነበር፤ ባለቤቷ የተጨማደደ መጋረጃ አትወድም ነበር» ይላሉ።

ሴትዮዋ ታዲያ ባለቤቷ አሁን የት ናት ብላ ጠየቀች።

«ሞታለች» አሉ እትዬ። «በስልሳ ሰባት፣ በሐምሌ።»

ኑሪ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጓድ ዳኜን አየ። ገብቶታል። ሐምሌ ስልሳ ሰባት የትርፍ ቤት አዋጅ የወጣበት ወር እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? አንቺም ከዘመቻ መጥተሽ የቤቱን ካርታ ከሣጥናቸው አውጥተሽ ለቀበሌ ያስረከብሽው ያን ጊዜ ነው። ይህን የጻፍኩት ልወቅስሽ አይደለም። ያኔ እንዳንቺ ያመነው ወጣት ስንት ነበር። እሳቸውም ቢሆኑ አንድ ቀን በክፉ አንስተውሽ አያውቁም። በደግም አላነሱሽም። ስምሽን ከአፋቸው አልሰማሁም።

ሴትዮዋም ባለቤቷ ልጅ ነበራት ወይ አለች።

«አንዲት» አሉ እትዬ። «አስተማሪ ናት። የምታስተምርበት አገር ዝናቡ አያባራም፤ ጉሮሮዋን ያማታል።»

እኔ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እህቴ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደብዳቤሽን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ እሳቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነው አንዱን ብርጭቆ ደጋግመው ይወለውላሉ። ስጨርስ «ጨረስሽ?» ብለው ይወጣሉ። ምንም የሚሰሙ አይመስለኝም ነበር። ላንቺም «አይሰሙሽም፤ በከንቱ አትድከሚ» ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። እስካሁን አለመምጣትሽ ውስጥ ያ ቃሌም አለበት። ይቅር በይኝ።

እንግዶቹ በረንዳው ላይ ፎቶ አንስተዋቸው ሄዱ። እትዬም ጓድ ዳኜ ፊት ቆሙና ደክሞኛል፣ ዛሬን ሰባት ቁጥር ልደር አሉት። በዘጠኝ ዓመት የለመኑት የመጀመሪያ ነገር ነው። ጓድ ዳኜ ላቡን ጠረገ፤ ክፍሉ ለእንግዳ ብቻ ነው፣ ቢሰማብኝ እጠየቃለሁ አለ። «እንግዳ ነኛ» አሉት። ጓድ ዳኜ መዝገቡን ራሱ አውጥቶ ጻፈ። እንደ ደንቡ ከየት መጡ አላቸው።

«ከጓሮ።»

ወዴት ይሄዳሉ አላቸው።

«እሱን ተወው» አሉት። እሱም ባዶውን ተወው።

ማምሻውን ገብቼ አልጋውን አስተካከልኩላቸው። የመጨረሻዋን ደብዳቤሽን አምጫት አሉኝ። ላንብብልዎ ስላቸው አንዴ አንብበሽዋል አሉኝ። ፊደል እንደማይቆጥሩ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። «ጽሕፈቷ ያምራል?» አሉኝ። ያምራል፣ ከእኔ በጣም ይበልጣል አልኳቸው። «እንደሱ ነው የሚመስለው» አሉ። ትራሱ ሥር ከተቱትና ሂጂ ተኚ አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ይዤ ገባሁ። ብዙ ቆምኩ። ሻዩ ሲቀዘቅዝ መልሼ ወደ ኩሽና ወሰድኩት። ከዚያ የሌሎቹን ክፍሎች አልጋ አነጠፍኩ፤ ስምንትን፣ ዘጠኝን፣ እስከ አሥራ ሁለት። አንዱንም አላጓደልኩም። ለጓድ ዳኜ የነገርኩት ጨርሼ እጄን ከታጠብኩ በኋላ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ከዚያ ቢሮውን ዘግቶ ዋለ። ሐሙስ ዕለት ሥራ ገባሁ።

ስለ እናትሽ ሐሳብ አይግባሽ። አሁን የሚያማቸው ነገር የለም። ደብዳቤሽም ከእሳቸው ጋር ነው፤ ማንም እንዳይወስድባቸው ያደረግሁት እኔው ነኝ።

እኔም ምንም አይለኝም። የምበላው አይጣፍጠኝም፤ አይመረኝምም። ከድጃ በየማታው እየመጣች ፊቴን አይታ ትቆጣኛለች፤ እንዲህ ዝም ማለት ጥሩ አይደለም፣ ሰው ውስጡን ማውጣት አለበት ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ግን ምን እንደማወጣ አላውቅም።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ይህ እንደደረሰሽ ነይ። ለዳይሬክተሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው በይው፤ ፈቃዱንም የሁለት ቀን ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። ብዙ ልብስ አትያዢ፤ የሚለበሰው እኔ ጋ አለ። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ወደ ሆቴሉ አትሂጂ። ከአቦ ቁልቁል ወደ ቤቴ ነይ፤ ከድጃም፣ የንስሐ አባታችንም እዚያ ይሆናሉ። ብቻሽን አንተውሽም። በመንገድ የሰፈራችን ሰው አግኝቶሽ ሁኔታው እንግዳ ሆኖ ቢታይሽ፣ ስለ ቤት አትጠይቂው። እኔ ደጅ እስክትደርሺ ድረስ ማንንም ምንም አትጠይቂ።

የአቦ አምላክ በሰላም ያምጣሽ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

አብሮ አደግ እህትሽ