አዲስ ዓሣ፣ ሠላሳ ቀን ለብቻው

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

አንደኛው በመንገድ ሞቷል። ፕላስቲኩን ስፈታው በጎኑ ተንሳፍፏል፣ ውኃውም ሸቷል። ሁለተኛው በሕይወት አለ። ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ብርቱካናማ፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ፣ የጅራቱ ጫፍ ትንሽ የተቀደደ። ከጅቡቲ መገናኛ ድረስ በካርቶን፣ ከመገናኛ ሰፈሬ ሲግናል ድረስ በሚኒባስ፣ ጉልበቴ ላይ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ለወጥ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ለወንድሜ ነው» አልኳት። ቦርሳዋን ሰብስባ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ለምን እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ልጻፈው። ጋሼ ግርማ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። ዕድሜውን በመርከብ መካኒክነት ነው የጨረሰው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑን ያዘው፣ ንግግሩንም ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ነው። ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣና የሳሎኔን ግማሽ የሞላውን የባሕር ውኃ አኳሪየም ነው። በውስጡ፣ ከድንጋዩ፣ ሕይወት ካለው ኮራልና ከአንድ ሽሪምፕ ሌላ፣ ሁለት ዓሦች ነበሩ፤ ትልቋ ሴት ካፒቴንና ባሏ። ካፒቴንን ራሱ ነው ከጅቡቲ ያመጣት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት በዚያ በማይታዘዘው ቀኝ እጁ ምግብ እየቆነጠረ ያበላቸው ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ «ከእኔ ስፖርት ይልቅ የሚሠራለት ይሄ ነው» ትል ነበር።

ግንቦት ላይ ወንዱ ሞተ። ጋሼ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ፤ አላወጣውም። ምግብም በግድ ሆነ። ካፒቴንም ጥግ ይዛ ቀረች።

ስለዚህ ይሄ ትንሽ ዓሣ። ግን ወደ እሷ ከመግባቱ በፊት ለብቻው መቆየት አለበት። ሕጉ የእኔ አይደለም። ጋሼ ደህና ሳለ በደብተሩ ላይ የጻፈው ነው፦ «አዲስ ዓሣ፣ ሠላሳ ቀን ለብቻው። ጤነኛ ቢመስልም አትመነው።»

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ሰርቪስ ክፍሉን አጸዳሁ። ሽንኩርቱንና የከሰሉን ጆንያ ወደ አንድ ጥግ ገፋሁት። ትንሹ የመስታወት ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አሸዋ የለው፣ ድንጋይ የለው። የሚደበቅበት ቁራጭ የቧንቧ ፕላስቲክ ብቻ። ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ ስፖንጅ።

ለራሴ ያወጣሁት ሕግ፦
የራሱ መረብ። የራሱ ባልዲ። የራሱ ፎጣ።
መጀመሪያ ካፒቴንን ማየት፣ ከዚያ እሱን፤ ተገላብጦ አይሆንም።
እጅ እስከ ክርን መታጠብ።

አልበላም። ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓይን ብቻ ሆኗል።

ጋሼ ቀኑን ሙሉ በግራ እጁ የዊልቸሩን ብረት ሲመታ ዋለ። ሊያየው ፈልጎ ነው። «ነገ» አልኩት።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

በላ! የሽሪምፕ ፍርፋሪ፣ ሦስት ጊዜ።

ጋሼን በዊልቸሩ ገፍቼ ወሰድኩት። የሰርቪሱ ደፍ ላይ ጎማው ተያዘ፤ እትዬ ሙሉ ከኋላ አነሳችልኝ። እትዬ ሙሉ እህታችን ናት፣ በእኔና በጋሼ መካከል የተወለደች፤ ሲ.ኤም.ሲ ነው የምትኖረው፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትመጣለች። ሣጥኑን አየችና «ሰውን እንኳ ለይተን ማቆየት ያቃተን ሰዎች ለዓሣ ለይቶ ማቆያ!» ብላ ሳቀች። ጋሼ አልሳቀም። ፊቱን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ቀኝ እጁ ከጋቢው ወጣ። በጣም ይንቀጠቀጣል፤ ግን ወጣ። ሁለት ጣቱን ወደ ምግቡ ዘረጋ።

እትዬ ሙሉ ዞር ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ አላለቀስኩም። ግንቦትና ሰኔን አልቅሼባቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

መብራት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም። ዝናብ፣ ከእንጦጦ የሚወርድ ብርድ። ትንሹ ሣጥን ቶሎ ይቀዘቅዛል። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ እየሞላሁ አንሳፈፍኩበት፤ ሲበርድ አወጣለሁ፣ ሌላ እከታለሁ። አየር እንዲያገኝ ውኃውን በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ አፈስሳለሁ። ክንዴ ዛለ። ተርፏል።

ጋሼ ምሳ አልበላም። ጉርሻውን በአፉ ይዞ ወደ ጓሮው ያያል። ከዚያ ዋጠውና «አስገቢው» አለ። ጥርት ያለ ቃል። ከፋሲካ ወዲህ ከ«ውኃ»ና ከ«በቃ» ሌላ የተናገረው የለም።

«ገና አምስት ቀኑ ነው ጋሼ። ራስህ ነህ ሠላሳ ያልከው።»

ደብተሩን አምጥቼ አሳየሁት። በእጁ መታው፣ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

አስገባሁት።

እንዲህ ብቻ ብዬ ልተወው አልችልም፤ ምክንያቴን ልጻፍ። ሦስት ቀን ጋሼ በቂ ምግብ አልበላም። «አስገቢው» እያለ። ትናንት ከሰዓት አለቀሰ፤ ያ ኮስታራ ሰው፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ አፉ በአንድ ወገን እየተጣመመ። ትንሹ ዓሣ ደግሞ ይበላል፣ ይዋኛል፣ ገላው ላይ ምንም የለም። ዓሣውን ያመጣልኝ የመገናኛው ቢንያምም ስልክ ላይ «ቲቸር፣ ስምንት ቀን ቆይቶ ከበላ ደህና ነው እኮ፤ ሰው ሁሉ በማግስቱ ነው የሚያስገባው» አለኝ።

እኔ ግን ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ዓሣ የሚገድል ተውሳክ በሚተነፍስበት ስንጥቡ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ ሊቀመጥ እንደሚችል አውቃለሁ። መረቡን ስይዝ አውቅ ነበር።

ጋሼ ዛሬ ሁለት እንጀራ ሊጨርስ ምንም አልቀረው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ካፒቴን መጀመሪያ አሳደደችው። ኮራሉን ሁለት ጊዜ አዞረችው። ከዚያ ትንሹ በጎኑ ተኝቶ ተንቀጠቀጠላት፤ የባሕሩ ሕግ ነው፣ «እሺ እመቤቴ» ማለት ነው። ተወችው። አሁን ከኋላዋ ከኋላዋ ነው።

ጋሼ በቀኝ እጁ አበላቸው። ግማሹ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ሳቀ። የሱን ሳቅ ከሰማሁ ምን ያህል ጊዜ ሆነኝ?

ምናልባት ደብተሩ ሕጉን ከልክ በላይ አጥብቆት ይሆናል። ምናልባት ሁልጊዜ መፍራት አያስፈልግ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ኪዳነ ምሕረት ናት። እትዬ ሙሉ ስለት አለብኝ ብላ ላዳ ይዛ በጠዋት መጣች። እንጦጦ ወጣን። ባሕር ዛፉ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ መኪናው እያቃሰተ ነው የወጣው። ከላይ ሁለት ጎረምሶች ጋሼን ከነዊልቸሩ ተሸክመው ጸበሉ ድረስ አደረሱልን። እግዜር ይስጣቸው።

ውኃው ሲፈስበት ጮኸ። ከብርዱ ነው። እትዬ ሙሉ «አይዞህ ወንድም ጋሼ፣ አይዞህ» እያለች እሷም አብራ ተነከረች። አጥማቂው አባት ሲያጠጡት ቀመሰና አፉን አጣጣመ። ከዚያ፦ «ጨው የለውም።»

ሁለት ቃል በአንድ ትንፋሽ! አባ ደነገጡ። «ምን አሉ?» እትዬ ሙሉ እልል ልትል ቃጣት። እኔ ነኝ የገለጽኩላቸው፤ «አባ፣ ወንድሜ ባሕር ላይ ነው የኖረው፤ ውኃ ሲባል ጨው ያለው ይመስለዋል።» ሳቁ። «እንግዲህ ኪዳነ ምሕረት ትማረው» ብለው መስቀል አሳለሙት።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር።

ቤት ስንገባ ስምንት ሰዓት ነበር። ጋሼን ልብስ ቀይሬ ብርድ ልብስ ደራርቤ አኳሪየሙ ፊት አስቀመጥኩት። ካፒቴን ወጣች። ደረቷ አጠገብ ያለው ክንፏ ላይ አራት ነጭ ነጠብጣብ። ደቃቅ ጨው የተበተነባት ይመስላል። ጅራቷ ላይ ሁለት። ድንጋይ ላይ እየታከከች ነው።

ጋሼ ከእኔ በፊት ነው ያየው። ቀኝ እጁን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ቢንያም የላክሁለትን የካፒቴንን ፎቶ አይቶ ቶሎ ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል። «ቲቸር፣ በጣም ይቅርታ። መዳብ ያለበት መድኃኒት ነው የሚያድናት፤ እኔ ጋ አለ፣ አሁኑኑ ይዤ እመጣለሁ። ትልቁ ውስጥ ግን እንዳይጨምሩት። ኮራሉንም ሽሪምፑንም ይፈጃቸዋል።»

ስለዚህ ሁለቱም ወጥተው ሰርቪሱ ውስጥ ወዳለው ትንሹ ሣጥን መግባት አለባቸው። ትልቁ አኳሪየም ደግሞ ተውሳኩ የሚጣበቅበት አጥቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያለ ዓሣ መቀመጥ አለበት። እስከ መስከረም መጨረሻ።

ትንሹ ወዲያው ተያዘ። ካፒቴን አልተያዘችም። ድንጋዩ ሥር ገባች። ያን ድንጋይ ጋሼ ነው አንድ በአንድ የደረደረው፤ ዋሻ፣ ድልድይ፣ መደብ ያለው፣ ዓመታት የፈጀበት። ቢንያም መድኃኒቱን ይዞ ደርሶ እጅጌውን ሰብስቦ ቆመ፤ ለመንካት ፈራ። «እሳቸው ፊት እንዴት አድርጌ ላፍርሰው?» አለኝ በጆሮዬ።

ጋሼ ሰምቶታል። በግራ እጁ አንድ ጊዜ ወደታች ምልክት ሰጠ። አፍርሱት።

አፈረስነው። ውኃው እንደ ጎርፍ ደፈረሰ። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ካፒቴን ስትያዝ አልታገለችም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ትንሹ ሞተ። ጠዋት ስገባ ቧንቧው ውስጥ ነበር፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ሁለት ዓይን ብቻ ሆኖ። በሕይወት ያለ መስሎኝ ሰላም አልኩት።

ገላው ላይ እስከ መጨረሻው አንድም ነጠብጣብ አልነበረም። ስንጥቡን ገልጬ አየሁት። ነጠብጣቡ ሁሉ እዚያ ነበር።

መረቡን፣ ባልዲውን፣ ፎጣውን አጠብኩ። ለምን እንዳጠብኩ እንጃ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ካፒቴን አትበላም። ሦስተኛ ቀኗ። ትንፋሿ ፈጣን ነው፤ በአንድ ደቂቃ ስንት እንደሆነ መቁጠር ጀምሬ አቆምኩ። መዳቡን ጠዋትና ማታ እለካለሁ። ሲያንስ አያድንም፣ ሲበዛ ራሱ ይገድላል።

እትዬ ሙሉ ምስር ወጥ ይዛ መጣች፤ ነገሩን ስትሰማ አላሾፈችም። «ለምን አስገባሽው፣ ታዲያ?» አለችኝ። የጠየቀችኝ እንደ ቁም ነገር ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። እያወቅኩ እንዳደረግኩት። ስምንት ቀን እንደማይበቃ እያወቅኩ። ሠላሳ ቀን ቢያለቅስብኝ መቻል እንደነበረብኝ። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ግራ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እኔ።»

«አይደለህም። አንተ ታመሃል፣ አንተ አይፈረድብህም።»

«እኔ» አለ ደግሞ፣ ጮክ ብሎ፣ ተቆጥቶ። ቀጥሎ ሌላ ቃል ሊያወጣ ታገለ፤ የአንገቱ ሥር እስኪገተር። አልወጣለትም። ጥፋቱን እንኳ ልወስድበት እንደሞከርኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለሁለት ዓመት ሁሉን ነገር ወስጄበታለሁ፤ ማንኪያውን፣ ቁልፉን፣ ምላጩን። ይሄን ሊሰጠኝ አልፈለገም።

የባዶው አኳሪየም ፓምፕ ይንጎራጎራል። ሽሪምፑ ብቻ የፈረሰው ድንጋይ ላይ ይመላለሳል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ነጠብጣቡ ጠፍቷል። አልተደሰትኩም። ተውሳኩ ከገላዋ ወርዶ ይራባና በብዙ ሆኖ ይመለሳል፤ የበሽታው ጠባይ ነው። መዳቡ ይይዘው እንደሆነ የሚታወቀው በሚቀጥሉት ቀናት ነው። ቢንያም «አሥራ አንድ ዓመት ትልቅ ዕድሜ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ሊያዘጋጀኝ ነው።

ጋሼ ሳሎን መቀመጥ እምቢ አለ። ሰርቪስ ክፍል፣ ከሽንኩርቱና ከከሰሉ መሃል፣ ካልሲ ደርቦ፣ ኮፍያ አድርጎ። ይበርዳል ብለው አይሰማም። ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ እጁን ልታንቀሳቅስለት ብትል ጋቢውን ጨብጦ ያዘ። ወደ በሩ ስሸኛት «ወደኋላ ተመልሷል፤ ከግንቦቱም ብሷል» አለችኝ። አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዝናብ። መብራት አለ።

ጠዋት ካፒቴን በጎኗ ተጋድማ አገኘኋት። አለቀ ብዬ ጣቴን ውኃው ውስጥ ስከት ቀና አለች። ጋሼን ልቀሰቅሰው ወይስ ልተወው ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ወሰድኩት። የሱ ናት፤ ካለቀችም ፊቱ ትለቅ።

ከምሳ በኋላ ሽሪምፕ በጣም አድቅቄ ጣልኩላት። አንዷ ፍርፋሪ አፏ አጠገብ ወረደች። አፏን ከፈተች፣ ፍርፋሪዋ ገባች። ትንሽ ቆይታ መልሳ ተፋቻት፣ ወይም ከፊሏን ተፋቻት።

«በላች» አለ ጋሼ።

«ተፋችው እኮ። አላየህም?»

«በላች።»

«ጋሼ፣ ይኸው ታች ወርዷል። እየው፣ ይኸው።»

ወደ መስታወቱ ተጠጋ፣ ትንፋሹ መስታወቱን አደበዘዘው፣ በግራ መዳፉ ጠረገው። ፍርፋሪዋን አያት። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ልጅ ሆኜ የመርከብ ሞተር ሥዕል ሲያስረዳኝና አልገባኝ ሲል እንደሚያየኝ ዓይነት።

«ግማሽ» አለ።

አሁን አጠገቡ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ከታች ያለችው ቁራጭ አፏ ከገባችው ታንስ እንደሆነ በደንብ ለማየት አጎንብሻለሁ፤ ውኃው ትንሽ ስለደፈረሰ መለየት አልቻልኩም። ካፒቴን ትተነፍሳለች።